የጎደለው ክብደት

ትናንት ልጄ ፊዚክስ ስታጠና ቆይታ፣ «አባዬ፣ የኒውክለስ ክብደት ከፕሮቶኖቹና ከኒውትሮኖቹ ድምር ያንሳል ይላል። የጎደለው የት ሄደ?» አለችኝ። የአሶሳ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማንጎ እየላጥኩ ነበር፤ ቢላውን አስቀመጥኩ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ከእህቴ ከሃዋ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ታላቄ ናት፤ እናታችንን ስታስታምም ትምህርቷ ተጓትቶ ነው የደረስኩባት። ያን ጊዜ እናታችንን ከቀበርን ወር አልሞላንም ነበር። አባታችንንማ ከነጭራሹ አናስታውሰውም።

አስተማሪያችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ የአሶሳን ሙቀት አምርሮ የሚጠላ ቀጭን ሰው ነበር። ላቡን እየጠረገ፣ «ፕሮቶኖች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አጥብቆ የሚይዛቸው ነገር ባይኖር ይበታተኑ ነበር። ሲያያዙ ከክብደታቸው ትንሽ በጉልበት መልክ ይወጣል፤ የሚቀሉት ለዚህ ነው» አለ።

ሃዋ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የወጣው ይመለስላቸዋል?»

«ጉልበት አፍስሰሽ ከለያየሻቸው፣ አዎ። እያንዳንዱ ሙሉ ክብደቱን ያገኛል።»

ቤት ስንደርስ አጎታችን ከቶንጎ መጥቶ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለቱን ታናናሾቻችንን፣ ወንድማችንንና እህታችንን፣ ወደ ቶንጎ ሊወስድ፣ እኔን ባምባሲ ላለች አክስታችን ሊሰጥ አስቧል። ሃዋ እዚሁ ጎረቤት ተጠግታ ትምህርቷን ትጨርስ አለ። ትንሿ እህታችን የሃዋን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች።

«አጎቴ፣ አትበትነን። እኔ አሳድጋቸዋለሁ» አለች ሃዋ።

«ትምህርትሽስ?»

«ይቅርብኝ።»

በማግስቱ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። እሷ ገበያ ወጥታ ለውዝና ማንጎ ዘርግታለች። ሦስታችንንም አስተማረችን። እሷ ግን አላገባችም፣ አልወለደችም። ሰው ሲጠይቃት «ምን ጊዜ አግኝቼ!» ብላ ትስቃለች። 

አምና ሞተች። በየዓመቱ ለአረፋ እሷ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ዘንድሮ ወንድሜ ግልገል በለስ፣ እህቴ ቶንጎ፣ እኔ እዚህ፣ በየቤታችን በላን። በስልክ እንኳን አልተደዋወልንም። ሁላችንም ሥራ አለን፣ ቤት አለን፣ ልጆች አሉን፤ አንዳችንም የጎደለብን ነገር የለም።

ልጄ መልስ ትጠብቃለች። «ሲያያዙ በጉልበት መልክ ወጥቶ ነው» አልኳት።

«ሲለያዩስ ይመለሳል?»

«ይመለሳል» አልኩ፣ መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል። ለእኛስ ተመልሶልናል። ለሃዋ ነው ያልተመለሰላት።