የፊተኛው ወንበር

የጭነት መኪና ስነዳ ከጎንደር እስከ ዛሪማ «አሳፍረኝ» ብሎ እጁን ያልዘረጋ ዛፍ እንኳ አልነበረም። ይቺን ባለናፍጣ አውቶማቲክ የቤት መኪና ከገዛሁ ወዲህ ግን ፍሪሲዮን ይረግጥ የነበረው ግራ እግሬ ጡረታ ወጣ፤ ጨዋታዬም አብሮት። ባለሥልጣን እየመሰልኳቸው ማንም አያስቆመኝም። ከራሴ ጋር ከማውራቴ ብዛት ሁለቴ ተኳርፈናል።

አንድ ቀን ዛሪማ መውጫ ላይ ሽማግሌ ገበሬ አየሁና እኔው ቆምኩ።

«አያ፣ ወደ ደባርቅ ከሆኑ ይግቡ!»

«ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! የሚያጫውተኝ አጥቼ ነው።»

በስንት ልመና ገቡ፤ ያውም ከኋላ።

«ምነው ከፊት ቢሆኑ?»

«የጌታህን ቦታ?»

መኪናዋ የእኔ ናት ብል ማን ይመነኝ። ሊማሊሞን እስክንወጣ ወሬ በጀመርኩ ቁጥር «መንገድህን እይ፣ ጌታህ ይቆጣሃል» እያሉ ዝም አሰኙኝ። ደባርቅ ሲወርዱ ባዶውን ወንበር እያዩ «ለጌታህ ዕድሜ ይስጥልኝ» ብለው መረቁ።

ስለ ጌታዬ ሆኜ አሜን አልኩ።