ቧንቧው ውስጥ ያስገባኋት ላስቲክ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። የሻርሁትን ጾም፣ በሐሰት የማልሁትን፣ ወንድሜን ሁለት ዓመት ማኩረፌን ሳይቀር ነግሬአቸዋለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ነገሩ ሲወራ የልጅ ጨዋታ ስለሚመስል የሚሰማኝ ሰው የሚስቅብኝ ይመስለኛል። እኔ ግን ያደረግሁትን አውቃለሁ። ሰው በድያለሁ፤ የበደልሁትም እያሳቅሁ ነው።

ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ አስተማሪ ነበርሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዱኛ የሚባል ወዳጃችን ብረት በሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት ስድስት ሰባት ሆነን እንሰበሰባለን። ትንንሽ ማሽን እንሠራ ነበር። መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ግን በእውነት የሚሠራ ሞተር፣ በእውነት ውሃ የሚስብ ፓምፕ ነው። ከወዳደቀ ነሐስና ከተሰበረ የመኪና ዕቃ እናወጣዋለን። ሚስቶቻችን ሥራ ፈቶች ይሉናል፤ እኛ ደግሞ በጥንቶቹ መድፍ ሠሪዎች ስም ራሳችንን የጋፋት ትራፊዎች እንል ነበር።

ሥርዓትም ነበረን። አዲስ ሥራ ያመጣ ሰው ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ይቀመጥና አፉን ይዘጋል። ሌሎቻችን በየተራ ሥራውን እንሰድባለን። «ይህን ለማንቀሳቀስ ሴባስቶፖልን የጎተተው ሕዝብ ሁሉ ይጠራ» ይላል አንዱ። «የለም፣ ይህስ ለበር መደገፊያ ይሆናል» ይላል ሌላው። ባለቤቱ መልስ አይሰጥም፤ መልስ የሚሰጥለት ሥራው ነው። ከተንቀሳቀሰለት ተሳዳቢዎቹ ሁላችንም ለሽማግሌ እንደምንነሣው ብድግ እንላለን። ለዚያች ብድግ ማለት ስንል ወራት ሙሉ በሞረድ ስንፈትግ እንኖር ነበር። ሌላም ሕግ ነበረን፤ የሰው ሥራ ባለቤቱ በሌለበት አይነካም። ያንን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ ውበቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ። ስለ ብረት ያስተማራቸው ማንም የለም፤ ቢሮ ውለው ሲገቡ ቤታቸው ያለች ሞርሳ ላይ ይጎነበሳሉ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ነገር ብቻ ሠሩ፤ በእንፋሎት የምትዞር፣ ቁንጥር ጤፍ በእውነት የምትፈጭ፣ ቁመቷ ስንዝር የማይሞላ ወፍጮ። «ጋሼ፣ ወፍጮዋ ደረሰች ወይ?» ስንላቸው «ሰልፍ ያዙ፤ ማሽላ ግን አልቀበልም» ይሉን ነበር። ስድባችንን እንደሳቸው የሚወደው አልነበረም።

ወፍጮዋን ይዘው በመጡበት ቅዳሜ ባለቤታቸው እትዬ የሺም አብረው መጡ። ከዚያ በፊት ከሚስቶቻችን አንዷም ቶርኖ ቤቱን ረግጣ አታውቅም። እትዬ የሺ አራት ዓመት የሞረድ ጩኸት የቻሉ ሴት ናቸው፤ መጨረሻውን በዓይናቸው ሊያዩ ፈለጉ። የሚፈጨውን ጤፍ በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል።

ሰዎቹ፣ ጋሼ ውበቱም ጭምር፣ ከሰል ሊያቀጣጥሉ ወደ ግቢው ወጡ፤ እትዬ የሺም ለእሳቱ የሚሆን ጭራሮ ሊለቅሙ ተከተሏቸው። እኔ ወፍጮዋ ዘንድ ቀረሁ። መዘውሯን በጣቴ ገፋ አደረግኋት። ዞረች፤ ጣቴን ካነሣሁ በኋላም መዞሯን ቀጠለች። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አንዲት ድምፅ ሳያሰማ ይመላለሳል። እኔ አስተማሪው፣ እኔ በስንቱ ተማሪ ሥራ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የማሠምረው ሰው፣ እንደዚያ ያለ ሲሊንደር ሠርቼ አላውቅም። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ግን ቅናት ነው።

ጠረጴዛው ላይ የብስክሌት ላስቲክ ቁራጭ ነበረች። ከእሷ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ቆረጥሁ፤ የእንፋሎቱን ቧንቧ ማያያዣ ፈታሁ፤ ላስቲኳን አስገባሁ፤ መልሼ አሰርሁት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀብኝም። ለራሴ ያልሁት፣ ትንሽ እንሥቅና አወጣታለሁ ነው። እውነት ይህን አስቤ ነበር? አሁን ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም።

ጋሼ ውበቱ በርሜሉ ላይ ተቀመጡ፤ እንደ ወጉ ተሰደቡ፤ ፍሙ ከወፍጮዋ የውሃ ማሞቂያ ሥር ገባ። ውሃው ፈላ። ሁላችንም ወደ መዘውሯ አፈጠጥን። አልተነቃነቀችም። ግፊቱ ሲበዛ ትርፉን እንፋሎት የሚለቀው ቫልቭ ማፏጨት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሻዩ ፈልቷል፤ ስኒ ይምጣ?» አልሁ።

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። አዱኛ ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ። እትዬ የሺ እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሣቁ። ጋሼ ውበቱም ሣቁ፤ ዓይናቸው ግን ሚስታቸው እጅ ላይ ባለችው መሐረብ ላይ ነበር። ጤፉ ከነቋጠሮው ነው።

በዚያች ደቂቃ ቧንቧውን ብፈታው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለምን አልፈታሁትም? የሣቁት በእኔ ቀልድ ስለነበር፤ ሣቁም ስለጣመኝ ነው። ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ እያልሁ ሳለ ጋሼ ውበቱ ከበርሜሉ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ወደ አዱኛ አልሄዱም፤ ወደ እኔ ነው የመጡት።

«መምህር፣ አንተ ታውቃለህና እስቲ ንገረኝ፤ የት ላይ ነው የሳትሁት?»

«ሲሊንደሩ ሳይጠብ አይቀርም ጋሼ፤ ትንሽ ቢሰፋ» አልሁ።

ላስቲኳ ቀልድ ናት ብትሉኝ እሺ እላለሁ። ይህስ ምንድን ነው? ያንን ሲሊንደር ገና አሁን በጣቴ ሞክሬ ልክ መሆኑን ያወቅሁ ሰው፣ አምነው የጠየቁኝን ሽማግሌ ፊት ለፊት ዋሸሁ። ዕቃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሊጠቀልሉት የማግዛቸው መስዬ ላስቲኳን አወጣሁና ኪሴ ከተትኋት። ቤታቸው ወስደው አንድ ጊዜ እንኳ እሳት ቢያነዱባት ወፍጮዋ ትዞር ነበር።

አላነደዱባትም። ቃሌን አምነው በማግሥቱ ማስፋት ጀመሩ። በሳምንቱ ሲያመጧት እንፋሎቱ በፒስተኑ ዙሪያ ይወጣ ነበር። አዲስ ፒስተን ሠሩ፤ ያኛው ወፈረ፤ ሲሊንደሩን እንደገና ነኩት፤ ክቡ ተበላሸ። እኔም በየቅዳሜው እያጎነበስሁ አማክራቸዋለሁ። ሰዉ ወፍጮዋን ማንቆርቆሪያ ይላት ጀመር፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም አብረው ይሥቁ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ መምጣት ተዉ። ሞርሳቸውንና ሞረዶቻቸውን ለአዱኛ ሰጡት። «እጄ የሚችል መስሎኝ ነበር» ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ የገዛ ቤታቸው በር ማጠፊያ ሲላቀቅ እንኳ ሰው ያስጠራሉ።

ይህ ሁሉ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ከጥምቀት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ጋሼ ውበቱ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጆሯቸውም ከበድ ብሏል። ከሐሙሲት የመጣ የእትዬ የሺ ወንድም ተቀምጦ ነበርና ከእኔ ጋር ሊያስተዋውቁት ፈለጉ።

«ያኔ ያ ሁሉ ሰው ሲሥቅብኝ ጉድለቴን ፊት ለፊት የነገረኝ ይህ ነው። እውነተኛ ሰው ነው» አሉት።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞረው።

እኔስ ምን አልሁ? «ኧረ ምንም አይደል» አልሁ። ምስጋናውን በሁለት እጄ ተቀበልሁት። እንግዳውም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሴ የምነግረው አንድ ሰበብ አለኝ። ሽማግሌው አንድ እውነተኛ ወዳጅ አለኝ ብለው ይኖራሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ከነጠቅኋቸው ምን ይተርፋቸዋል እላለሁ። ስናገረው ርኅራኄ ይመስላል። ውሸት ነው። የሳሳሁት ለእሳቸው አይደለም፤ ለዚያ «እውነተኛ ሰው» ለሚሉኝ ነገር ነው። አራት ዓመት የለፉባትን ሥራ ወሰድሁባቸው፤ በእጃቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ወሰድሁባቸው፤ በላዩም ምስጋናቸውን ወሰድሁ። እስካሁን አልመለስሁትም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊል የሚገባው ሰው በሕይወት አለ፤ ቤቱም ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሄጄ የምለውም ረጅም አይደለም። ጋሼ፣ ሲሊንደርዎ ልክ ነበር፤ ያስቆምኋት እኔ ነኝ። ይኸው ነው። ዛሬ ጠዋት ልሄድ ጫማዬን አጥልቄ ነበር። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ እኔ እዚሁ ተቀምጬ ለእናንተ እየጻፍሁ ነው።