ትል የነካው ቲማቲም

ባለፈው ሳምንት ካርቱም ውስጥ ጀብራ ገበያ አንድ ወጣት ሻጭ ቲማቲም ሲመርጥልኝ ትል የነካውን እያወጣ ይጥል ጀመር። «ኻልቲ፣ ይሄ ለአንቺ አይሆንም» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። «እሱንም ጨምርልኝ» ስለው ሳቀ።

ነገሩ ከብዙ ዓመታት በፊት የጀመረ ነው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐበሻዋ እናቴ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አትክልት ትሸጥ ነበር፤ እኔም አግዛት ነበር። ሙቀቱ በረድ በሚልባቸው ወራት በየማለዳው በሚኒባስ ወንዙ ዳር ወዳሉት እርሻዎች እንወርዳለን። ጀርጂር የሚሉት የሰላጣ ቅጠል ገና ጤዛ እንደያዘ፣ ሽታው አፍንጫ ይሰረስራል። የምንገዛው አጎቴ ለማለት ዓም ከምንላቸው ገበሬ፣ ከዓም ሐሰን ነበር። መሬቱ የእሳቸው አይደለም፤ እያረሱ ለባለቤቱ እኩል ያካፍላሉ። እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው ኢኽላስ፣ አባቷ የተባይ መድኃኒት ረጭተው ሲጨርሱ መርጫውን መስኖው ቦይ ውስጥ ታጥባለች። ከዚያው ቦይ ዝቅ ብሎ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ።

አንድ ማለዳ ኢኽላስን ቦዩ ዳር ወድቃ አገኘናት። አፏ አረፋ ደፍቋል፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። በባለ ሦስት እግር ረክሻ ሐኪም ቤት አደረስናት። መርዙ በቆዳዋ እንደገባ ሐኪሙ ነገረን። ተረፈች፤ የቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ግን አልለቀቃትም።

እናቴ በሐኪም ቤቱ በር ላይ ጮኸች። «ዓም ሐሰን፣ መርዝ መሆኑን አያውቁም?»

ቀና ብለው አላዩዋትም። «እንዴት አላውቅም? ትል የነካውን ማን ይገዛኛል? አንቺ ራስሽ ትመልሺብኛለሽ። ምርቱ ከቀነሰ ደግሞ ባለመሬቱ ለሌላ ይሰጠዋል።»

እውነታቸውን ነበር፤ እየለየን የምንመልሰው እኛው ነበርን።

«ያላ፣ እንግዲህ ሳይረጩ ያፈሩትን ሁሉ እኔ እወስዳለሁ» አለች እናቴ። «መርጫውን ግን ከቦዩ ያርቁልኝ።»

«ባለመሬቱስ?»

«አብረን እንለምነዋለን፣ ኢንሻላህ።»

ባለመሬቱ ለአንድ ወቅት ብቻ፣ ለግማሹ ማሳ ፈቀደ። እናቴ ቲማቲሙን እየሰነጠቀች ውስጡ ደህና መሆኑን ለደንበኞቿ ታሳይ ነበር። ጥቂት ጎረቤቶች ለወጥ ብለው ገዙን፤ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሻጭ ሄዱ። ምርቱም አነሰ። በዓመቱ መሬቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ አዲሱ ገበሬም መርጫውን እዚያው ቦይ ውስጥ ማጠብ ጀመረ።

ዛሬ ስለዚህ ነገር ሲወራ፣ ገበሬው ይማር፣ ሕግ ይውጣ ሲባል እሰማለሁ። መልካም ነው። ዓም ሐሰን ግን ያጡት እውቀት አልነበረም። ለዓመታት በየማለዳው እየሄድን ስንት እንደለቀሙ ጠይቀናቸዋል። ለምን እንደሚረጩ የጠየቅናቸው ልጃቸው ከወደቀች በኋላ ነው።