የሚያጥብ የጠፋለት ፊልም

አያልነሽ በልጇ ፎቶ ላይ ያደረገችውን ዘመሮ ገበያ ውስጥ እንደ ቀልድ የሚያወራ አለ። «ፊልሙን በሳሙና አጠበችው!» ይላል፣ ይስቃል። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ፎቶ እንዴት እንደሚያነሳ ቢጠየቅ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር አይወጣውም። ሳቁን ያቆየውና ነገሩን ከሥሩ ይስማ። ሳሙና የሚባልም አልነበረም።

አያልነሽ ከዘመሮ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የምትኖር ባልቴት ናት። የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩት ሸማኔዎች ክሯን ከሌላው ሴት ክር በእጃቸው ዳስሰው ይለዩታል። ባሏ ከሞተ በኋላ መሬቷን የሚያርስላት ይታየው የሚባል አንድ ልጇ ነበር። ገብሱን ውርጭ በላይ በላዩ ሲመታው ልጁ ተስፋ ቆረጠ። ደላላ አግኝቶት በጅቡቲ በኩል ባሕር አሻግርሃለሁ አለው። ጀልባዋ ተገለበጠች። ደላላው ዛሬም ሌላ ልጅ ያግባባል፤ እሱን የሚጠይቅ የለም።

መርዶ ነጋሪዎቹ ጎህ ሲቀድ መጡ። አስከሬን የለም፣ መቃብርም የለም። ከግሼም ከመርሐቤቴም ዘመድ እንዲደርስ ትልቁ ለቅሶ ለእሑድ ተቀጠረ።

እኛ ዘንድ ሰው በሌለበት ሲለቀስ የሟቹ ነገር ይያዝለታል። ድሮ ልብሱና ዱላው ነበር፤ አሁን ፎቶው ነው። አንዲት ሴት ፎቶውን ከፍ አድርጋ በለቅሶው መሀል ትዞራለች፤ አልቃሿም ፊቱን እያየች ግጥሟን ታወርዳለች። አያልነሽ ልብሱን ሲያዘጋጁላት ገፋችው።

«ልብስማ ማንም ይለብሰዋል። ፊቱን አምጡልኝ» አለች።

ከየት ይምጣ? ስልኩ ከነፎቶው አብሮት ሰምጧል። ሐዘንተኛ ከቤት አትወጣም እያሉ ሲከለክሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎረቤቷ ከወሰንየለሽ ጋር ዘመሮ ገባች፤ ፎቶ አንሺው እምሩ ቤት።

«ጋሽ እምሩ፣ የይታየውን ፎቶ ይስጡኝ።»

«እግዜር ያጽናሽ እቴ። ከየት አመጣዋለሁ? ለፈተና ሲመዘገብ ጉርድ ፎቶ አንስቼው ነበር። ካርዱ ሲሞላ እደመስሳለሁ።»

«ምኑን ነው የሚደመስሱት?»

«ፎቶውን ነዋ።»

«ልጄን ደመሰሱት?»

ወሰንየለሽ ጣልቃ ገባች። «እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው እንዴ? የተደመሰሰው ጨርሶ ይጠፋል?»

እምሩ ትከሻውን ሰበቀ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ መልስም አለው። በዲጂታል ካሜራ ብርሃን በሌንሱ መስተዋት ገብቶ ትንሽ ገበታ ላይ ያርፋል። ገበታው እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ያረፈበትን ብርሃን ይለካና ቁጥር ያደርገዋል። ካርዱ ላይ የሚቀመጠው ያ ቁጥር ነው። ስትደመስሰው ቁጥሩ ወዲያው አይጠፋም፤ ካርዱ «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ብሎ ብቻ ይመዘግባል። ሌላ ፎቶ እላዩ ላይ እስኪያርፍበት ድረስ የሚያውቅ ሰው ሊመልሰው ይችላል። በይታየው ቦታ ላይ ግን የስንት ሰው ሠርግና ክርስትና ተደርቦበታል። ይህን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም። እምሩ አልተናገረም።

ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው። ያን ቀን ጉርዱን በዲጂታሉ ካነሳው በኋላ፣ አሮጌው ካሜራ ውስጥ የቀረውን ፊልም ለመጨረስ ብሎ ልጁን ደጅ አቁሞ አንስቶት ነበር። መሳቢያውን በርብሮ አውራ ጣት የምታህል ቆርቆሮ አወጣ።

«ይኸውልሽ፣ እዚህ ውስጥ አለ። ሙሉ ቁመቱን።»

አያልነሽ ቆርቆሮዋን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ልጄ እዚህ ውስጥ?»

«አዎ። ግን አልታጠበም፤ ሳይታጠብ ደግሞ አይታይም።»

«ይታጠባ!»

«ደብረ ብርሃን ያጥቡ ነበር፣ ተዉት። አሁን የሚያጥብ ጠፋ።»

ኮምፒዩተሩ ጋ የተቀመጡት ሠርገኞች ተጣሩ፤ «ጋሼ፣ የሙሽራዋን ፊት ትንሽ ቀላ ያድርጉልን እንጂ!» እምሩ ሊያቀላ ሄደ። አትክፈቺው አላለም። ብርሃን አታሳዪው አላለም። አንድ ቃል! የሚሽሞነሞን ፊት ስላለበት አንድ ቃል ቸገረው።

ፊልም ማለት የብር ጨው የተቀባ ስስ ላስቲክ ነው። ብርሃን የነካው ጨው ይለወጣል፤ ለውጡን ግን ዓይን አያየውም። ጨለማ ክፍል ውስጥ መድኃኒት ሲነከር የተነካው ይጠቁራል፤ ያልተነካውን ሌላ መድኃኒት ያነሳዋል። ከዚያ ወዲያ ነው ብርሃን የማይጎዳው። ከዚያ በፊት ፀሐይ ካየው ሁሉም ቦታ ይነካል፣ የልጁም ምስል አብሮ ይሄዳል። ባለሙያዎቹ ይህን ሁሉ «ማጠብ» ብለው ጠሩትና ተገላገሉ። ውኃ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

አያልነሽ የምታውቀው ማጠብ ሌላ ነው። ሟች ሳይታጠብ አይገነዝም። አጣቢ የሌለው ሟች ደግሞ ወገን የሌለው ነው።

«እናቱ እያለሁ የሚያጥብ ጠፋ ይሉኛል?» አለች መንገድ ላይ።

ወሰንየለሽም «እውነትሽን ነው» አለቻት። ምን ትበል?

ውኃ አሞቁ። ከደብሩ ጸበል አምጥተው ጨመሩበት። በጠራራ ፀሐይ፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቆርቆሮዋን በማጭድ ጫፍ ፈለቀቀቻት። የተጠቀለለው ፊልም ተፈታ። አያልነሽ ከጫፉ ጀምራ በጣቶቿ ቀስ እያለች፣ እንዳያመው እየተጠነቀቀች አጠበችው።

«ሙልጭልጭ ይላል» አለች።

«ቆሻሻው ይሆናል፤ በጣትሽ እሺው» አለቻት ወሰንየለሽ።

አሸችው። አጥሩ ላይ ሰቀሉት። ሲደርቅ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፤ ደብዛዛ ቡናማ ነገር፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት። «ይዘገይ ይሆናል» ተባባሉና ጠበቁ።

እሑድ እምሩ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ጉልበቷ ላይ ፊልሙን ሲያይ ደነገጠ።

«ማን ክፈቺው አለሽ?»

«ይታጠባል ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

«በመድኃኒት ነዋ የሚታጠበው! በጨለማ!»

ወሰንየለሽ ተነሳችበት። «ታዲያ ያን ጊዜ መድኃኒት የምትለዋን ቃል ምን ዋጣት? ሙሽራ ሲያቀሉ ነበር!»

«ለነገሩ... ፊልሙም ቆይቷል፣ ቢታጠብም ላይወጣ ይችል ነበር» አለ እምሩ ወደ ሰዉ እየዞረ። እውነት ሊሆን ይችላል። ፊልም ሲቆይ ይበላሻል። ግን እሱ የተናገረው እውነቱ አስጨንቆት አይደለም፤ ሰው ስለሰማበት ነው።

አያልነሽ አልጮኸችም። «ታዲያ አሁን የት ሄደ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው።

አልቃሿ ከግሼ የመጣች ነበረች፤ ይታየውን አይታው አታውቅም። ፎቶ ስታጣ ለግጥሟ ብላ መልኩን ጠየቀች።

«ጠይም ነበር፣ አፍንጫ ሰልካካ» አለ አንዱ አጎቱ።

«ኧረ ቀይ ነው! በአባቱ ነው የወጣው።»

«ጥርሱ ፍንጭት አልነበረም እንዴ?»

«እሱ የአክስቱ ልጅ ነው፣ ኪዳነ።»

«ዓይኑስ? ትልልቅ ነበር መሰለኝ።»

«መሰለኝ ይላል እንዴ ሰው? አብሮህ አላደገም?»

አያልነሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታይ ቆየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ልታርማቸው ነበር። «ግንባሩ...» አለችና ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና «ግንባሩ...» አለች።

«ሰፊ ነበር?» አለች አልቃሿ።

«ዝም በሉ» አለች አያልነሽ። «እባካችሁ ዝም በሉ። የቀረኝንም መልኩን እያጠፋችሁብኝ ነው።»

ወሰንየለሽ ቤት ገብታ ኮቱንና ዱላውን ይዛ ወጣች። ልብሱ በለቅሶው መሀል ዞረ።