ከቆርቆሮው ወዲያ ያለው ፊልም

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሻይ የምሸጥበት ቦታ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ጋር የተጣበቀ ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጥ የሚታየውን ፊልም ሁሉ እሰማው ነበር። ዘፈኑን፣ ለቅሶውን፣ ተኩሱን እሰማለሁ፤ አንዱንም ግን አላይም። ሴት እዚያ አትገባም። የከለከለ ደንብ የለም። ብቻ ወንድ በሞላበት ጨለማ ቤት ገብታ የወጣች ሻይ ሻጭ በማግስቱ ምን እንደምትባል ሁላችንም እናውቃለን።

የመጣሁት ከመተማ ወረዳ ነው። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስሁ ሰሊጥ ሊያጭዱ ለሚሻገሩ ዘመዶቼ ምግብ ላበስል አብሬ መጣሁ፤ እነሱ ሲመለሱ እኔ ቀረሁ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ አለ። ከቀትር በኋላ ከተማው ጭር ይላል። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደየጥላው ያስገባዋል፣ አህያው እንኳ ግድግዳ ተጠግቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። እኔ ብርጭቆ አጥቤ፣ ያጠብሁትን ደግሜ አጥቤ እቀመጣለሁ።

አንድ የአርማጭሆ ሰው ነበር፤ ለአረምና ለአጨዳ መጥቶ እንደ እኔው ሳይመለስ የቀረ። ሥራ በማይኖርበት ወቅት ከቪዲዮ ቤቱ አይጠፋም። ሲወጣ እኔ ዘንድ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና ያየውን ያወራልኛል።

«ዛሬስ ምን ነበር?» እለዋለሁ።

«የህንድ ነው። ልጅቱን አባቷ ለሀብታም ሊድራት ነው፤ እሷ ደግሞ የምትወደው አለ።»

«ያ ሁሉ ለቅሶ ታዲያ የማን ነው?»

«የእናቷ ነዋ። ቆይ እንጅ፣ አታቻኩይኝ።»

ሲያወራ እጁ አያርፍም። በግድግዳው በኩል የሰማሁትን እያንዳንዱን ድምፅ ለአንድ ሰው ይሰጠዋል። ፊልሞቹ ሁሉ በደህና ነበር የሚያልቁት። የተዋደዱት ይጋባሉ፣ ክፉው ይታሰራል፣ የታመመችው እናት ከአልጋዋ ትነሣለች።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ሚስታቸው አንድ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ ጽዳት እንዳግዛት ጠራችኝ። ስንጨርስ «ነይ ቁጭ በይ፣ እኛም እንይ እንጅ» ብላ ፊልም ከፈተች። በዘፈኑ ለየሁት፤ የአርማጭሆው ሰው በቀደም ያወራልኝ ነው። ከሥር የሚጻፈውን ዓረብኛ እያነበበች ነገረችኝ። እናት የተባለችው ጎረቤት ነበረች። ልጅቱ አላገባችም፣ ሞተች፤ ያውም ገና ከመካከሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሲመጣ «ልጅቱ ሞታለች እኮ» አልሁት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «አየሽው?»

«አየሁት።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጽሑፉ ዓረብኛ ነው» አለኝ። «እኔ የማውቀው ዓረብኛ የእርሻውን ነው፤ አንሣ፣ አውርድ፣ ቶሎ በል። ማንበብማ አማርኛውንም አልችል። ሌሎቹ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ?»

«ዝም ብዬ ብወጣ ከአንች ጋር ምን እናወራለን?»

ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ፤ ብዙ ቀንም ሳይመጣ ቀረ። ያን ሰሞን ቀኑ አልመሽ አለኝ።

ሲመለስ ስለ ፊልም አላነሣም። ወሬያችን እግር ኳስ ሆነ። እግር ኳስ ማንበብ አይጠይቅም። ብርጭቆ ደርድሮ ኦፍሳይድ አስተማረኝ፤ የስኳሩ ጣሳ በረኛ ነበር። እኔ ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የአማርኛ ልቦለድ ነበረኝ፤ ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ወጥታ እኔ ዘንድ የሰነበተች ልጅ ትታልኝ የሄደችው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለት ጀመር። ጨረስነው፤ እንደገና ጀመርነው፤ ደግሞ ጨረስነው።

«ሌላ የለም?» አለኝ።

ያገሬን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። ከጸሎት መጽሐፍ በቀር የተገኘ የለም።

ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲጀመር ሩቅ መስሎን ነበር። ከዚያ ሰዉ በአውቶቡስም በጭነት መኪናም እየተጫነ መጣ፣ ትምህርት ቤቱን ሞላው፣ መብራትም እየጠፋ ይሰነብት ጀመር። አንድ ትልቅ ግጥሚያ የሚታይ ዕለት ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ኳሱ ሳይጀመር መብራት ሄደ። ሐጂ ወደ ጄኔሬተሩ ቢሄዱ ነዳጅ የለውም። የወጣ ሰው ግን አልነበረም። ሲያስሉ፣ ሲያዛጉ ይሰማኛል። በጠፋው ቴሌቪዥን ፊት እንደተቀመጡ ቆዩ፤ የት ይሂዱ?

እሱ ሲወጣ «ማን አሸነፈ?» አልሁት፣ ለቀልድ ያህል። እንደ ድሮው ቢሆን አንድ ነገር ይፈጥርልኝ ነበር።

«እንጃ» ብሎኝ አለፈ።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ዲሹን አውርደው፣ ቤቱን ለተፈናቃዮች ለቀው ከሚስታቸው ጋር ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ። እሱም አንድ ጠዋት ትንሽ ሻንጣ ይዞ መጣ።

«ወደ መተማ ልገባ ነው። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«እዚያስ ምን አለ?»

«ምንም። እዚህስ ምን አለ? ያኛው ቢያንስ በአማርኛ ነው።»

ሻይ ቀዳሁለት። «ስደርስ እደውላለሁ» ብሎኝ ሄደ።

አልደወለም። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው አልሁ፤ ኔትወርኩ መጣ። ከአጨዳው በኋላ፣ አብሮት የሄደ አንድ ሰው ተመልሶ ሻይ ሊጠጣ ተቀመጠ። እስከ ድንበሩ፣ እስከ ጋላባት፣ አብረው ነበሩ። ወደ መተማ ከሚያሻግረው ድልድይ ማዶ ተኩስ አለ ተብሎ ኬላው ሲዘጋ አንዳንዱ በጫካ ተሻገረ።

«እሱስ?»

«ከተሻገሩት ጋር ነበር መሰለኝ። እንጃ እቴ፣ በዚያ ግርግር ማን ማንን ያያል?»

ሌሎችንም ጠየቅሁ፤ በኋላ መጠየቁን ተውሁት።

እኔ እዚያው ነኝ። ቪዲዮ ቤቱን ተፈናቃዮቹ በአንሶላ ከፋፍለው ይኖሩበታል። በቀደም ከውስጥ አንዲት የካርቱም ሴት ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ይህ ቤት ቀድሞ ምን ነበር?» አለችኝ በዓረብኛ።

«ሲኒማ።»

ዞር ብላ በሩን አየችው። «እኛም ሰፈር ነበረ» አለች። ሻይዋን ጠጥታ ገባች።