እታለማሁና የእናቷ አውራ ጣት

እታለማሁ የተወለደችው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ከሸክላ ሠሪዎች ቤት ነው። ተድራ በመጣችበት በዳንግላ ይህን የሚያውቀው ባሏ ጋሪ ነጂው ኪዳኑ ብቻ ነበር። «የጫግኒ ጨው ነጋዴ ልጅ ነኝ በይ» ያላትም እሱው። አለች። ማኅበር ገባች፣ ገበያ ላይ እናቷን ስታይ መንገድ ቀየረች። ምን ታድርግ? ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል በሚባልበት አገር ልጇን ማን ያገባላታል?

አሁን ልጇ ሶስና ልትዳር ነው። የሙሽራው እናት እመይቴ ደጊቱ ዝግጅቱን ሊያዩ መጥተው ጓሮ ተቀምጠዋል። ጎረቤቷ ዘውድነሽ ከገበያ የገዛችውን አዲስ ጋን ለጠላው አውሳታለች።

እታለማሁ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ልታጥብ እጇን ስትከት፣ ጣቷ ከአፉ ሥር ጎድጎድ ያለች ምልክት ላይ አረፈ። እናቷ ሸክላዋን የምትጨርሰው እዚያች ቦታ ላይ በጎባጣ አውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ነው።

«ውይ! የእማዬ እጅ!» አመለጣት።

«የማን እጅ?» አሉ ደጊቱ።

«አይ... እመይቴ፣ እንዲያው...»

«ወላጆቼ ጨው ነጋዴ ነበሩ አላልሽኝም? ደግሞ ጨው ነጋዴ ከመቼ ወዲህ ነው ጋን የሚሠራው?»

ጋኑን ይዛ የመጣችው ዘውድነሽ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ያዘለችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ያንን ሕፃን አራስ ቤት ያጠበችላት እታለማሁ ነበረች እኮ!

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ይሄይስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ጥሪው ተጠርቷል፤ ሠርጉ ይሁን። እሷ ግን ዳስ አትግባ፣ ምግብም አትንካ። ልጂቱም ከእንግዲህ አትጠይቃት።»

ኪዳኑ ብድግ አለ። እታለማሁ ይጮኽልኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ! ቤቴን አተረፉልኝ!»

አመሰገነ! እናትን ከልጇ ሠርግ ስላባረሩለት አመሰገነ! ጋኑንስ መለሱት? ምን ሲደረግ! ጠላው እዚያው ተጠነሰሰ። ጋኑ ሲገባ ያልፈራ ሁሉ የሠሪዋን ልጅ ፈራ።

እታለማሁ ወደ ልጇ ዞረች። «ሶሲ፣ አንቺስ?»

ሶስና መሬት መሬት እያየች፣ «እማዬ፣ ምን ነበረበት ዝም ብትይ?» አለቻት።

በሠርጉ ዕለት እታለማሁ የት ነበረች? የጋሪው ፈረስ ጋጣ ውስጥ። ምናልባት አልችል ብላ ብትወጣስ ብሎ ኪዳኑ ከውጭ ቆለፈባት። እልልታው ሲቀልጥ በእንጨቱ ስንጥቅ ታይ ነበር፤ ባሏ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ በሽማግሌዎቹ መሃል እስክስታ ይወርዳል።