በስፓኒሽ የተዋወቅኳቸው ጎረቤቴ

ስፓኒሽ መማር የጀመርኩት በአለቃዬ ፊት ስለዋሸሁ ነው።

በምሠራበት ሆስፒታል ላቦራቶሪ አለቃ በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ ያነጋግራል። ስለ ሥራው የሚወራው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው ሰዓት የሚያልቀው ስለ ፍሪቲድ፣ ማለትም ሰው ከሥራ ውጭ ስላለው ጊዜ በማውራት ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ በጋው እንዳለቀ፣ አለቃዬ በትርፍ ጊዜዬ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። እተኛለሁ አልኳት። እውነቴን ነበር። ፊቷ ግን የአንድ በሽተኛ ደም መጥፎ ውጤት ሲያመጣ እኛ የምናሳየውን ፊት መሰለ። ኦስሎ ውስጥ በረዶ ላይ የማይንሸራተት ሰው ቢያንስ በመዘምራን ቡድን ይዘፍናል፣ ካልዘፈነም ሹራብ ይሠራል። ሦስቱንም የማያደርግ ሰው ሊታመም ነው ተብሎ ይፈራለታል። አለቃዬ ብዕሯን አንስታ ልትጽፍ ስትል፣ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ ስፔን የተነሳችው የእረፍት ፎቶ ዐይኔ ውስጥ ገባ።

"ስፓኒሽም እማራለሁ" አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ በየሰኞው ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ ትጠይቀኝ ጀመር። ለሁለት ሳምንት "ኦላ" እና "ግራሲያስ" እያልኩ አለፍኩ። በሦስተኛው አዲስ ነገር እንድነግራት ስትጠብቅ ጊዜ ሄጄ ተመዘገብኩ።

ቫይትቬት በሚባል የኦስሎ ሰፈር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን የምንኖር የአዲስ አበባ ልጅ ጓደኛ ነበረችኝ፤ ነርስ ናት። ስነግራት ሹካዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። "ኖርዌጅኛውን ጨረስሽው?" አለችኝ።

ትምህርቱ ሄልስፊር በሚባል ሰፈር፣ መሥሪያ ቤቶች የሞሉበት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ነን። ከእኔ በቀር ሁሉም ጡረተኞች ሲሆኑ ሁሉም ስፔን ባሕሩ ዳር አፓርትመንት አላቸው። አስተማሪያችን ወጣትነቷን ኦስሎ የጨረሰች የቺሊ ሴት ነበረች። ጡረተኞቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው አነጋገሯን ያርሟት ነበር። እኛ ስፔን ያለው ሱቅ ውስጥ እንዲህ አይሉም ይሏታል። ያ ሱቅ የኖርዌይ አይብና የኖርዌይ ጋዜጣ እንደሚሸጥ፣ ሻጩም ኖርዌጅኛ እንደሚናገር የነገሩን ራሳቸው ናቸው። እሷ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ መሆኑን አንድ ጊዜ አስረዳቻቸውና ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።

በመጀመሪያው ቀን ስማችንን ስትጠራ ለአንድ የሴት ስም የሚመልስ ጠፋ። አስተማሪዋ ስሙን ደግማ ጠራችው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሳምንት ጠራችው። በአራተኛው ተወችው።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን ስንወጣ ከክፍላችን አንድ ረጅም ሽማግሌ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሙ። ኦከርን ላይ ከእኔ ጋር ወረዱ። በአንድ ግንባታ አጥር ሥር አልፈን ከእኔ ጋር ባቡር ገቡና ቫይትቬትም ከእኔ ጋር ወረዱ። በመካከላችን አንድ አራት ሜትር ያህል ነበር። ሰውዬው ይከታተሉኛል ብዬ ቁልፌን በጡጫዬ ጨብጬ እሄዳለሁ። በኋላ እንደነገሩኝ እሳቸውም እኔን ጠርጥረው ኖሯል። የሕንፃችን በር ላይ ሁለታችንም ቁልፍ ስናወጣ ነገሩ ገባን። እሳቸው አንደኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፤ ሦስት ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ኖረናል። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰው በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ፣ ጎረቤቱ ማለፉን አረጋግጦ ነው የሚወጣው። እኔም ያንን ሥርዓት በሁለተኛው ወር ለምጄው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስወርድ በራቸው ተከፈተ። ቀጥ ብለው ቆመው በስፓኒሽ እንደምን አደርሽ አሉኝ። በኖርዌጅኛ ቢሆን መቼም አያደርጉትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር ከመጽሐፉ የተማርነውን እንነጋገራለን። ስንት ወንድም እንዳለኝ ጠየቁኝ። ቤታቸው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ እየኖርን፣ ቢጫ ነው አሉኝ፤ እኔም የእኔም ቢጫ ነው አልኳቸው። ባለትዳር መሆናቸውን ስጠይቅ አዎ አሉ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ በአጠገባችን ስታልፍ ሁለታችንንም እንደ አዲስ ስደተኞች አየችን።

አንድ ማክሰኞ ስፓኒሽ አንተና እርስዎ እንደሚለይ ተማርን። ጡረተኞቹ ተቃወሙ። ሰው ሁሉ እኩል ስለሆነ እርስዎ የሚባል ነገር አያስፈልግም፣ ኖርዌይ ውስጥ ከተተወ ቆይቷል አሉ። አስተማሪዋ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። ለእኔ አንድም ነገር ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቴን "ኡስቴድ"፣ እርስዎ፣ ማለት ጀመርኩ። ሦስት ዓመት በኖርዌጅኛ አለቃዬንም፣ ዶክተሩንም፣ የሰማንያ ዓመቷን በሽተኛም አንተ አንቺ ስል ሲያሳፍረኝ ነው የኖረው። ሽማግሌው መጀመሪያ ቀላ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ክራባት አድርገው መጡ።

ኅዳር ሲገባ የግሥ ያለፈ ጊዜ ላይ ደረስን። አስተማሪዋ እያንዳንዳችን ባለፈው ዓመት ስላደረግነው አንድ ዐረፍተ ነገር እንድንናገር አዘዘች። አንዷ ሶፋ ገዛሁ አሉ። አንዱ ብዙ ዓሣ በላሁ አሉ። እኔ ዋሸሁ ልል ፈልጌ ሠራሁ አልኩ። ጎረቤቴ መጽሐፋቸውን ሳያዩ፣ አንድም ቃል ሳይሳሳቱ፣ "ባለቤቴ ባለፈው መጋቢት ሞተች" አሉ።

"ሙይ ቢየን" አለች አስተማሪዋ፤ በጣም ጥሩ ማለት ነው። ያዳመጠችው የግሡን መጨረሻ ብቻ ነበር። ከዚያ የተባለው ገባትና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጡረተኞቹ ሁሉ መጽሐፋቸው ላይ አቀረቀሩ። በመጨረሻ አንዱ እጃቸውን አውጥተው፣ "ይሄ ግሥ መደበኛ ነው ወይስ ኢመደበኛ?" ብለው ጠየቁ።

"ኢመደበኛ" አለች፤ ዐይኗ እንባ ሞልቶ። ሁላችንም ጻፍነው።

ለካ ሦስት ሳምንት ስማቸው ሲጠራ የቆየው ሴት የጎረቤቴ ባለቤት ኖረዋል። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከመሞታቸው በፊት ሁለቱንም ያስመዘገቡት ሚስትየዋ ነበሩ። ባልየው የባለቤታቸው ስም በተጠራ ቁጥር እዚያው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

ቤት ገብቼ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ሰው ሞቶ ስምንት ወር ሙሉ ሳንሰማ መክረማችንን ማመን አቃታት። ስለ እኔ ስፓኒሽ አንድም ቀን ቁም ነገር ተናግራ የማታውቅ ልጅ ተነስታ ስንዴና ሽምብራ ዘፈዘፈች። በማግስቱ ከሥራ ስንመለስ ንፍሮውን ይዘን፣ ነጠላ ለብሰን፣ ሁለት ፎቅ ወረድን።

በሩን ከፍተው አዩን፤ ነጠላውን አዩ፤ ሳህኑን አዩ። አስገቡን። ሶፋው ላይ ተቀምጠን ዝም አልን። እሳቸውም ተቀምጠው ዝም አሉ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኖርዌጅኛ አናገሩኝ።

"ልትዋሱ የመጣችሁት ነገር አለ?"

"የለም" አልኳቸው። "እኛ አገር ሰው ሲሞትበት ሄደን አብረነው እንቀመጣለን።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ሦስት ቀን።"

አሰቡበት። "ነገ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ" አሉ።

ጓደኛዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልተለየም። ቀጠሮው እንዳይቀር፣ ዛሬ ብቻ እንደምንቀመጥ ነገርናቸው። ያን ጊዜ ማንኪያ አመጡና ንፍሮውን ቀመሱ፤ ቀስ በቀስም ማውራት ጀመሩ። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባርነሃገ፣ ሕፃናት ማቆያ፣ ሲሠሩ ኖረዋል። የስፔኑን ቤት የመረጡት ለበረንዳው ሲሉ ነው። አምቡላንስ የመጣው በቀን ነበር፤ ከሕንፃው ሰው ማንም አልወጣም። በየበሩ ቀዳዳ ውስጥ ብርሃን ሲጠፋና ሲበራ ግን አይተዋል።

ከዚያ ስለ ሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ተነሳ። ምድር ቤት ተራችንን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ሐሙስ ግን ባዶ ሆኖ ተገኝቶ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ባዶ ሳገኘው ዕድሌ ቀና ብዬ ስሜን የጻፍኩበት ቀን የባለቤታቸው ቀን ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"ስምሽን አይቼዋለሁ" አሉ። "ቦታዋን ሰው መሙላቱ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ለምን በስፓኒሽ ባለትዳር ነኝ እንዳሉኝ ጠየቅኳቸው። ያኔ ያለፈ ጊዜ ገና አልተማርንም አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በኖርዌጅኛ ነው ያወራነው። እሳቸውን ያህል ወሬ የሚወድ ሰው ኖርዌይ ውስጥ አላየሁም፤ ደረጃው ላይ ከያዙኝ ባቡሩ ያመልጠኛል። ኮርሱ የገና በዓል ሳይደርስ አለቀ። ሁለተኛው ደረጃ የተመዘገበ ሰው ስላነሰ አልተከፈተም፤ ጡረተኞቹ የሚበቃቸውን ያህል ያውቁ ነበር። ለአለቃዬ ጨረስኩ አልኳት፤ ፋይሌ ላይ ጻፈችውና ሹራብ መሥራት ሞክሬ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ጥር ላይ ጎረቤቴ የስፔኑን ቤት ልሸጥ ብለው ሄዱ። ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተውኝ መስኮቱ ላይ ያሉትን አበቦች ውሃ እንዳጠጣ አደራ አሉኝ። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ፣ እዚህ አገር ቁልፍ የሚሰጠው ለዘመድ ብቻ ነው ብላ ቀናችብኝ። አደራው ከበደኝና በየቀኑ አጠጣኋቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ፀሐይ መትቷቸው ጠቆር ብለው ተመለሱ። ቤቱን አልሸጡትም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከረሙ እንጂ። ከአበቦቹ ሁለቱን ሥራቸው በውሃ ብዛት በስብሶ ሞተው አገኟቸው። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ፤ ወደ እኔ ዞረው ሣቅ አሉ፤ ከዚያ ማሰሮዎቹን ይዘው ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረዱ።